ግድግዳው ከመፍረሱ በፊት

ስለ ሕንፃ ሕግና በተሠራ ቤት ላይ ለውጥ ለማድረግ ስለሚያስፈልገው ፈቃድ የቀረበ ትምህርታዊ ጽሑፍ

ምግብ፣ ልብስና መጠለያ የሰው ልጅ መሠረታዊ ፍላጎቶች መሆናቸው ለማንም የተሰወረ አይደለም። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ስንማረው የመጣን ነገር ነው፤ ነገም በተራችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንጽፈዋለን። ይሁንና ስለ ሦስተኛው፣ ማለትም ስለ መጠለያ፣ «ቤት ያስፈልጋል» ከማለት አልፈን ቤት በምን ሕግ እንደሚሠራ፣ የተሠራውንስ ለመለወጥ ማን እንደሚጠየቅ ብንጠየቅ የምንመልሰው ትንሽ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው አራት ዕጩ መምህራን አለማወቃችንን የተረዳነው ከመጽሐፍ ሳይሆን በሰው ላይ ከደረሰ ጉዳት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የሆነውን እንናገራለን፤ ቀጥለን ከዚያ ወዲህ ጠይቀንና አንብበን ያገኘነውን ትምህርት ለውድ ዕጩ መምህራንና አሠልጣኞች እናቀርባለን።

1. የሆነው ነገር

ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ከተማ ከአንዲት እናት ቤት አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። እትዬ ነው የምንላቸው፤ ስማቸውን መጥቀስ አያስፈልግም። ቤታቸው በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ፊቱ ወደ መንገድ የሆነ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ የሚተዳደሩት በጉሊት ነበር። ሦስት ዓመት የጣሉት ዕቁብ ሲደርሳቸው ሦስት ነገር አሰቡ። አንደኛ፣ መካከለኛውን ግድግዳ አፍርሰው ሁለቱን የፊት ክፍሎች አንድ ሱቅ ማድረግ። ሁለተኛ፣ ወደ መንገዱ ሰፊ በር መክፈት። ሦስተኛ፣ በጓሮ በኩል ከጎረቤት አጥር ጋር አያይዘው ለኪራይ የሚሆን አንድ የብሎኬት ክፍል መሥራት።

አንድ ምሽት ቡና እየጠጣን ሳለ እትዬ ጠየቁን። «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ። ለዚህች ሥራ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ማስፈቀድ አለብኝ እንዴ?»

እኛም እርስ በርሳችን እንኳ ሳንመካከር፣ «ኧረ እትዬ! በራስዎ ቤት፣ በራስዎ ግቢ ማን ይከለክልዎታል? ፈቃድ እኮ ለአዲስ ቤት ነው፤ ለውስጥ ሥራ ምን ያደርጋል?» ብለን መለስን። እትዬም አመኑን። ግንበኛው መጥቶ ስለ ፈቃድ ሲያነሣባቸው፣ «መምህር ሊሆኑ የደረሱ ልጆች አያስፈልግም ብለውኛል» አሉት። እሱም ዝም አለ።

መካከለኛው ግድግዳ ሲፈርስ በውስጡ የነበሩት ሁለት ቋሚ እንጨቶች አብረው ተቆረጡ። በሳምንቱ ዝናብ ጣለ። ጣሪያው መሐሉ ላይ ጎበጥ ብሎ ወረደ፣ የጓዳው በር አልዘጋ አለ፣ ከበሩ ማዕዘን እስከ ኮርኒሱ ድረስ ስንጥቅ ወጣ። በጓሮ የተሠራው ክፍል ደግሞ የቆርቆሮው ውሃ በቀጥታ ጎረቤት ማድ ቤት ውስጥ ይወርድ ጀመር። ጎረቤትየው መጀመሪያ በጉርብትና መጥተው ለመኑ፤ ሰሚ ሲያጡ ማዘጋጃ ቤት ሄዱ።

የመጣው ተቆጣጣሪ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ፈቃድዎን ያሳዩኝ።» ፈቃድ የለም። ሥራው እንዲቆም በጽሑፍ ታዘዘ፣ በጓሮው ክፍል ግድግዳ ላይም ቀይ ቀለም ተቀባ። በተሰጠው ቀን ክፍሉ ፈረሰ። ከብሎኬቱ የሚበዛው ተሰባበረ፤ የሦስት ዓመት ዕቁብም አብሮ ፈረሰ ማለት ነው። የፊቱ ክፍል ግን በእንጨት ተደግፎ እንዲቆይና በባለሙያ ፕላን ተሠርቶለት እንዲቀርብ ታዘዘ።

ከሁሉ ያሳዘነን የመጨረሻው ነው። ፕላኑ ተሠርቶ ሲቀርብ ጽሕፈት ቤቱ የሁለቱን ክፍሎች መቀላቀልና የበሩን መክፈት ፈቀደ፤ በፈረሰው ግድግዳ ምትክ ጭነቱን የሚሸከም ቢምና ሁለት ጠንካራ ቋሚዎች እንዲገቡ ብቻ አዘዘ። የተከለከለው የጓሮው ክፍል ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ከጎረቤት ወሰን ጋር ተጣብቆ ስለቆመ እንጂ ከወሰኑ ርቆ በግቢው ሌላ ጥግ ሊሠራ ይችል ነበር። ስለዚህ እትዬ አስቀድመው ቢጠይቁ ኖሮ ካሰቡት ሦስት ነገር ሁለቱ እንዳሉ፣ ሦስተኛውም ቦታ ተቀይሮ ይፈቀድላቸው ነበር። ያስከሰራቸው አለመጠየቃቸው ነው። እንዳይጠይቁ ያደረግናቸው ደግሞ እኛ ነን።

እትዬ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጡንም። «ልጆች ናችሁ፣ ከየት ታውቁታላችሁ?» ነው ያሉን። ይህ ከቁጣ በላይ ከብዶናል።

2. የሕንፃ ሕግ ለምን ተጻፈ?

ብዙ ሰው የሕንፃ ሕግን ገንዘብ ለመሰብሰብ ወይም ሰው ለማጉላላት የወጣ አድርጎ ይቆጥረዋል። ታሪኩን ስናይ ግን ይህ ሕግ በየአገሩ የተጻፈው ከአደጋ በኋላ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1750 ገደማ በባቢሎን የወጣው የሐሙራቢ ሕግ፣ አንድ ግንበኛ የሠራው ቤት ፈርሶ ባለቤቱን ቢገድል ግንበኛው በሞት ይቀጣ ይላል። ቅጣቱ የዘመኑ ጭካኔ ነው፤ ሐሳቡ ግን ቤት የሚሠራ ሰው በሌላው ሰው ሕይወት ላይ ኃላፊነት አለበት የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1666 በለንደን ከተማ ከአንድ ዳቦ ቤት የተነሣው እሳት ከ13,000 በላይ ቤቶችን አቃጠለ። ቤቶቹ ከእንጨት የተሠሩና እርስ በርስ የተደጋገፉ ስለነበሩ እሳቱ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ እየዘለለ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት በ1667 የወጣው ሕግ አዲሶቹ ቤቶች ግድግዳቸው በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠራ አዘዘ። በአገራችንም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ በተነሣው ቃጠሎ የመንገዱ መጥበብና የሱቆቹ መጠጋጋት የማጥፋቱን ሥራ ከባድ አድርጎት ነበር። እንግዲህ «ከወሰን ራቅ ብለህ ሥራ» የሚለው ደንብ ለጎረቤት ውሃ ብቻ የታሰበ አይደለም፤ ለእሳትና ለእሳት አደጋ መኪናም ጭምር ነው።

ሦስተኛው ምክንያት መሬት ናት። አገራችንን የስምጥ ሸለቆ ለሁለት ከፍሏት ያልፋል። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ተደጋግሞ የተነሣው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ ስምንተኛውን ክፍል ለዚሁ ለመሬት መንቀጥቀጥ የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በደኅና ቀን ሳይወድቅ የቆመ ቤት መሬት ስትንቀጠቀጥ ግን የተቆረጠው ቋሚው ይፈለግበታል።

3. ለውጥ ከአዲስ ሥራ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ለምንድን ነው?

የእኛ ስሕተት «ፈቃድ ለአዲስ ቤት ብቻ ነው» ማለታችን ነበር። ነገሩን ጠጋ ብለን ስናየው የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘነው። አዲስ ቤት ሲሠራ ሁሉም ነገር ከመሠረቱ ታስቦ ይሠራል። በተሠራ ቤት ላይ ለውጥ ሲደረግ ግን ለአንድ ሐሳብ የተሠራውን ለሌላ ሐሳብ እናውለዋለን።

ማንኛውም ቤት ጭነቱን ወደ መሬት የሚያወርድበት መንገድ አለው። በጭቃ ቤት ቆርቆሮው በማገር ላይ፣ ማገሩ በወጋግራው ላይ ያርፋል፤ ወጋግራው በግድግዳው ራስ ላይ ባለው አግዳሚ፣ አግዳሚው በቋሚዎቹ፣ ቋሚዎቹ በመሬት ላይ ያርፋሉ። ጭቃው ክፍተቱን ይሞላል እንጂ ዋናው ተሸካሚ እንጨቱ ነው። በብሎኬት ቤት ሁለት ዓይነት ግድግዳ እናገኛለን። አንዳንዱ ጣሪያውን ራሱ የሚሸከም ነው። ሌላው ጭነቱ በኮለንና በቢም ላይ ስላለ ክፍል ለመለየት ብቻ የቆመ ነው። ሁለቱም ተለስነውና ቀለም ተቀብተው ሲታዩ አንድ ናቸው! በእጅ እያንኳኩ «ይሄ ባዶ ነው፣ ይፍረስ» ማለት ሙያ አይደለም። መለየት የሚቻለው ፕላኑን በማየት ወይም ባለሙያ መርምሮ ሲናገር ነው።

ስለ ጭነት ስንናገር በቁጥር እንየው፤ ለሒሳብ ትምህርትም ይጠቅመናል። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ሶሌታ በአንድ ክፍል ላይ ተሞላ እንበል።

4 × 3 × 0.15 = 1.8 ሜትር ኩብ

አንድ ሜትር ኩብ የአርማታ ኮንክሪት በአማካይ 2,400 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ፣

1.8 × 2,400 = 4,320 ኪሎ ግራም

ይህም ከ43 ኩንታል በላይ ነው። አርባ ሦስት ኩንታል ጤፍ በራሳችን ላይ ተደርድሮ ከሥሩ እንደ መተኛት ማለት ነው። በዚያ ላይ አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ የውሃ ሮቶ ቢቀመጥ ውሃው ብቻ ሌላ 10 ኩንታል ነው። ታዲያ ከሥር ያለው ግድግዳና መሠረት ይህን ሊሸከም ታስቦ ተሠርቷል ወይ? ጽሕፈት ቤቱ ፕላን አምጡ የሚለው ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ነው።

ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ምን እንደሚሆን የደቡብ ኮሪያን ምሳሌ እንመልከት። በሴኡል ከተማ ሳምፑንግ የተባለው ሕንፃ መጀመሪያ የታሰበው ለመኖሪያ አፓርታማ ነበር። በኋላ ወደ ትልቅ የገበያ አዳራሽ እንዲለወጥ ተደረገ። ለተንቀሳቃሽ ደረጃዎች ቦታ ለማግኘት ጭነት የሚሸከሙ ኮለኖች ተነሡ። ከታቀደው በላይ አምስተኛ ፎቅ ተጨመረ፤ እሱም ምግብ ቤት ሆነ። ከባድ የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያዎችም በጣሪያው ላይ ተቀመጡ። ሥራውን የያዘው የመጀመሪያው ተቋራጭ ይህን ለውጥ አልሠራም ቢል ተነሥቶ ሌላ ተተካ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 29 ቀን 1995 ሕንፃው ገበያተኛ እንደሞላበት ተደረመሰ፤ 502 ሰዎች ሞቱ።

በባንግላዴሽ ደግሞ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ለሱቅና ለቢሮ ታስቦ የተሠራ ነበር። በላዩ ያለ አግባብ ፎቆች ተጨመሩ፤ የልብስ ፋብሪካዎችም ከከባድ ማሽኖቻቸውና ከጄኔሬተሮቻቸው ጋር ገቡበት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 2013 ፈርሶ 1,134 ሰዎችን ገደለ። ስንጥቁ የታየው ከአንድ ቀን በፊት ነበር። ምድር ቤት የነበሩት ባንክና ሱቆች ሲዘጉ ሠራተኞቹ ግን ግቡ ተብለው ገብተዋል።

ሁለቱም ሕንፃዎች የፈረሱት በጨመሩትና በለወጡት ነገር ነው። የእትዬ ቤት አንድ ፎቅ እንኳ የሌለው ጎጆ ነው፤ ሕጉ ግን ያው ነው። የተሸከመውን ስትቆርጥ፣ የተሸከሙት ይወርዳል።

4. በአገራችን ሕጉ ምን ይላል?

በአገራችን በ2001 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 243 ወጥተዋል። ሕግ በየጊዜው የሚሻሻል ነገር ስለሆነ ማንም ሰው ከማመልከቱ በፊት በዕለቱ በሥራ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ ከከተማው ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይኖርበታል። ለትምህርታችን የሚሆኑትን ዋና ዋና ሐሳቦች ግን ከአዋጁ እንወስዳለን።

ሀ) ፈቃድ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? አዲስ ለመሥራት ብቻ አይደለም። ያለውን ለመለወጥ፣ ለማስፋፋት፣ ለማፍረስና አገልግሎቱን ለመቀየርም ጭምር ነው። የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። አንድም ድንጋይ ሳይነካ መኖሪያው ወፍጮ ቤት ቢሆን ማሽኑ ያንቀጠቅጣል፣ አቧራው ይወጣል፣ ኤሌክትሪኩ ይበዛል። መጋዘን ትምህርት ቤት ቢሆን ሃምሳ ልጅ በአንድ በር መውጣት ይኖርበታል። ስለዚህ የአገልግሎት ለውጥም ፈቃድ ይጠየቅበታል።

በአንጻሩ ቀለም መቀባት፣ የተላጠ ልስን መመለስ፣ የተሰበረ መስታወት መተካት የቤቱን ቅርጽም ሆነ ጭነት አይለውጡም። በሁለቱ መካከል ያለው ሥራ፣ እንደ ቆርቆሮ መቀየርና አጥር ማደስ ያለው፣ እንደየከተማው አሠራር ስለሚለያይ ቀበሌ ወይም ወረዳ ሄዶ መጠየቅ ነው። ጥያቄ አያስከፍልም።

ለ) የሕንፃ ምድቦች። አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ከፍሏቸዋል። ምድብ «ሀ» በተሸካሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ነው፤ እዚህ ላይ አንድ ፎቅ ማለት ምድር ቤቱ ብቻ ማለት ነው። ምድብ «ለ» ርቀቱ ከ7 ሜትር የሚበልጥ ወይም ባለ ሁለትና ከዚያ በላይ ፎቅ ሆኖ በምድብ «ሐ» ያልተጠቃለለው ነው። ምድብ «ሐ» የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ፣ ፋብሪካ ወይም ወርክ ሾፕ፣ እንዲሁም ከፍታው ከ12 ሜትር በላይ የሆነ ማናቸውም ሕንፃ ነው። ምድቡ ከፍ ባለ መጠን የሚጠየቀው ፕላንና የባለሙያው ደረጃም ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለ። ትምህርት ቤት የሕዝብ መገልገያ ስለሆነ ምንም እንኳ ምድር ቤት ብቻ ቢሆን በምድብ «ሐ» ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ወላጆች ገንዘብ አዋጥተው «ሁለቱን ክፍል ቀላቅለን ቤተ መጻሕፍት እናድርገው» ቢሉ፣ ነገሩ የአንድ ቅዳሜ የደቦ ሥራ አይደለም ማለት ነው።

ሐ) ለአካል ጉዳተኞች። አዋጁ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰዎች ሊገቡባቸውና ሊጠቀሙባቸው የሚያስችል መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው አዟል። በአሮጌ የትምህርት ቤት ሕንፃ ላይ ለውጥ ሲታሰብ ደረጃውን በዳገታማ መወጣጫ መተካት ቢቻል፣ ከደጅ የሚቀረው አንድ ልጅ ይገባል። ይህን በስብሰባ ላይ የሚያነሣው ሰው መምህሩ ቢሆን መልካም ነው።

መ) የራስ ያልሆነ ወይም የጋራ የሆነ ቤት። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወሰነ በኋላ ብዙ ሰው በቀበሌ ቤት በኪራይ ኖሯል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ባለቤት ስላልሆነ ከሕንፃው ፈቃድ በፊት የአከራዩን መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማግኘት አለበት። የጋራ ሕንፃ፣ ማለትም ኮንዶሚኒየም፣ በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 370 የሚመራ ሲሆን ጣሪያው፣ ደረጃው፣ መተላለፊያውና ተሸካሚው አካል የሁሉም ነው። በረንዳ መዝጋትም ሆነ ግድግዳ መብሳት «የኔ ቤት ነው» ተብሎ ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ከሥር ያለው ጎረቤት የሚተኛው በዚያው ግድግዳ ተማምኖ ነው።

5. ፈቃዱ የሚገኝበት መንገድ

ሂደቱ ከከተማ ከተማ በጥቃቅን ነገር ቢለያይም አካሄዱ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የይዞታ ማስረጃ። አመልካቹ በቦታው ላይ መብት እንዳለው የሚያሳይ ካርታ ወይም ሌላ ሕጋዊ ማስረጃ ያቀርባል። ያለዚህ ሌላው ሁሉ አይጀመርም።

ሁለተኛ፣ የፕላን ስምምነት። ከተማው በፕላኑ ላይ ያንን ቦታ ለምን እንዳሰበው፣ ምን ዓይነት ቤትና ምን ያህል ከፍታ እንደሚፈቀድበት፣ መንገድ ያልፍበት እንደሆነ ይገለጻል። ገንዘብን ከኪሳራ የሚያድነው ዋናው ደረጃ ይህ ነው። ወደፊት መንገድ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ክፍል መቀጠል ብርን በወንዝ ላይ እንደ መበተን ነው።

ሦስተኛ፣ ፕላን ማሠራት። እንደ ምድቡ የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ፕላን ሊጠየቅ ይችላል። ለለውጥ ሥራ ያለውና የሚለወጠው ተለይተው መታየት አለባቸው፤ የሚፈርሰው በአንድ ምልክት፣ የሚጨመረው በሌላ።

አራተኛ፣ ማመልከቻና ምርመራ። ማመልከቻው ከነማስረጃው ገቢ ተደርጎ ክፍያው ይከፈላል። አዋጁ «የሕንፃ ሹም» የሚለው ኃላፊ ፕላኑ ከሕጉ ጋር መስማማቱን ያስመረምራል። ከዚያ ይፈቅዳል፣ እንዲታረም ይመልሳል፣ ወይም ምክንያቱን ጠቅሶ ይከለክላል።

አምስተኛ፣ ሥራና ቁጥጥር። ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ሥራው ሊጀመር መሆኑ ይነገራል፤ ተቆጣጣሪም በየደረጃው ያያል። መሠረቱ ሳይሸፈን፣ ፌሮው በኮንክሪት ሳይቀበር ማየት ያስፈልጋል፤ ከተሞላ በኋላ ማን ያየዋል? በመሐል ሐሳብ ቢለወጥ የተፈቀደውን ፕላን አስለውጦ መቀጠል እንጂ «ትንሽ ነገር ናት» ብሎ ማለፍ አይገባም።

6. ፕላን ማንበብ ለመምህር

ፕላን ማለት ቤቱ ከላይ ቢቆረጥ የሚታየው ሥዕል ነው። በመጠን ተቀንሶ ይሣላል። በ1፡100 በተሣለ ፕላን ላይ 1 ሴንቲ ሜትር የሚወክለው 1 ሜትርን ነው። በ1፡50 ከሆነ ደግሞ 2 ሴንቲ ሜትር 1 ሜትርን ይወክላል። ለምሳሌ 4.20 ሜትር በ3.60 ሜትር የሆነ ክፍል በ1፡50 ሲሣል 8.4 ሴንቲ ሜትር በ7.2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ የስድስተኛ ክፍል የንጽጽር ትምህርት ነው እንጂ የመሐንዲስ ምሥጢር አይደለም። ከወለል ፕላኑ ሌላ ቤቱ በቁመቱ ተቆርጦ የሚታይበት ሴክሽን፣ ፊቱ የሚታይበት ኤሌቬሽን፣ በግቢው ውስጥ ያለበት ቦታና ከወሰን ያለው ርቀት የሚታይበት ሳይት ፕላን አሉ። የእትዬ ጓሮ ክፍል ችግር በሳይት ፕላን ላይ ቢሆን በማስመሪያ አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ይታይ ነበር። በወረቀት ላይ የተሳሳተ ግድግዳ በላጲስ ይጠፋል፤ በመሬት ላይ የተሳሳተ ግን በመዶሻ ነው።

7. «ነገ ተመለሱ» ስለሚባለው

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አንብበው፣ «እናንተ ደግሞ! ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ሰውየው ስብሰባ ነው፣ ፋይሉ ጠፍቷል፣ ነገ ተመለሱ ነው» አሉን። እውነት ነው። ሰዎች ሳያስፈቅዱ የሚሠሩት ሁልጊዜ ባለማወቅ አይደለም፤ በመሰልቸትም ነው። ፕላን ማሠሪያውም ለድሃ ሰው ቀላል ገንዘብ አይደለም። ይህን ሳናነሣ «ሕግ አክብሩ» ብቻ ብንል ግማሹን እንደ መደበቅ ይሆንብናል።

ነገር ግን መድኃኒቱ ግድግዳ ማፍረስ አይደለም። ጥያቄውን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ማቅረብ፣ ገቢ የተደረገበትን ቁጥርና ቀን መያዝ፣ የተከፈለበትን ደረሰኝ ማስቀመጥ፣ ከተከለከሉም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ያስፈልጋል። አዋጁ በሕንፃ ሹም ውሳኔ ቅር ለተሰኘ ሰው ይግባኝ ሰሚ ቦርድ አቋቁሟል። ይግባኝ የሚባለው ግን ባመለከተ ሰው ነው፤ ሳያመለክት የሠራ ሰው በምን ላይ ይግባኝ ይላል? ማመልከቻ መጻፍ የማይችል ጎረቤት ቢኖር ደግሞ ለእሱ አስተካክሎ መጻፍ የእኛ የመምህራን ድርሻ ነው።

8. የደረስንበት

የመምህር ቃል በገጠርም ሆነ በትንሽ ከተማ ክብደት አለው። የመድኃኒት ወረቀት፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የውል ጽሑፍ ሁሉ «አንብብልኝ» ተብሎ ወደ መምህሩ ይመጣል። እኛ ገና ምስክር ወረቀት ሳንይዝ ቃላችን የአንዲትን እናት ገንዘብ አፈረሰ። ያጠፋነው አለማወቃችን ብቻ አይደለም፤ ሳናውቅ እንደሚያውቅ መናገራችን ነው። «አላውቅም እትዬ፣ ነገ ማዘጋጃ ቤት ሄደን አብረን እንጠይቅ» ብንል ኖሮ የግማሽ ቀን ጉዞ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ቸኩለን ያፈሰስነውን የለቀሙት ግን እሳቸው ናቸው።

ልምምዳችን ከማለቁ በፊት በተፈቀደው ፕላን መሠረት ቢሙ ሲገባ አራታችንም ቅዳሜ ቅዳሜ ድንጋይና አሸዋ በማቅረብ አግዘናል። ሱቁ ተከፍቷል። የጓሮው ክፍል ግን እስካሁን አልተሠራም፤ ብሩ አልቋልና።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምንማርበት ክፍል ውስጥ ጣሪያውን የሚሸከመው የትኛው አካል ነው? ሰንጥቅ ወይም ጎብጦ የወረደ ነገር ይታያል ወይ?
2. የመኝታ ክፍላችሁን በሜትር ለክታችሁ በሮቹንና መስኮቶቹን ጭምር በ1፡50 ሣሉ።
3. ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ሶሌታ ስንት ኩንታል ይመዝናል?
4. አንድ ጎረቤት መኖሪያ ቤቱን ወፍጮ ቤት ሊያደርግ ቢፈልግ ከጎረቤቶቹና ከጽሕፈት ቤቱ ምን ምን ጥያቄ ሊነሣበት ይችላል?
5. ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ አንዳችሁ የማታውቁትን ነገር የሚጠይቅ የተማሪ ወላጅ፣ ሌላችሁ መምህር ሁናችሁ ተለማመዱ። መምህሩ አክብሮቱን ሳያጣ «አላውቅም፣ አጣርቼ እነግርዎታለሁ» እንዴት ይላል?

መልስ ወይም እርማት ያላችሁ ዕጩ መምህራንና አሠልጣኞች በጽሑፍ አድርጋችሁ በግድግዳ ጋዜጣው ሣጥን ውስጥ ብትከቱልን በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን። የተሳሳትነው ካለም አርሙን፤ በወረቀት ላይ ሳለ ይሻላል።